ግሪፊዝ ስታዲየም፦ ከሀዋርድ ሆስፒታል ሥር ስላለው የቤዝቦል ሜዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲ የኖረ ሐበሻ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን አያጣውም። ወይ ታሞ ገብቶበታል፣ ወይ ዘመድ ጠይቆበታል፣ ወይ ተሳፋሪ አውርዶበታል። ከሕንጻው በፊት እዚያ ምን እንደነበረ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ጨዋታው በተነሳ ቁጥር የሚከተሉት ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ እስቲ አንድ ላይ ላስቀምጣቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እውነት እዚያ ቦታ ላይ ስታዲየም ነበር?

ነበር። ያውም እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም። ግሪፊዝ ስታዲየም ከ1911 እስከ 1961 ድረስ የዋሽንግተን ዋና የቤዝቦል ሜዳ ነበር። በጆርጂያ አቬኑ፣ በፍሎሪዳ አቬኑ አቅራቢያ፣ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጎን ማለት ነው። የእኛ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከዩ ስትሪትና ከዘጠነኛው መንገድ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በያይነቱ በልቶ የተነሳ ሰው ምግቡ ሳይወርድለት ይደርሳል።

ቤዝቦል ብዙም አይገባኝም። ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

ትንሽ ይበቃል። ኳስ በዱላ መምታት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ገና የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ በገና ኳሷ መሬት ለመሬት ትሄዳለች። በቤዝቦል ደግሞ አንዱ ወርዋሪ ከ18 ሜትር ርቀት በኃይል ይወረውራል፣ መቺው ከአየር ላይ ሊያገኛት ይሞክራል። ኳሷ ከአጥሩ በላይ አልፋ ከሄደች «ሆም ራን» ትባላለች። መቺው ቆሞ የነበረበት ነጭ ሰሌዳ «ሆም ፕሌት» ነው። ሦስቱን ማዕዘኖች ዞሮ እዚያ የተመለሰ ሰው አንድ ነጥብ ያስቆጥራል።

ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ይህ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ የትም አገር ብትሄዱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በቤዝቦል ግን የውስጡ መለኪያ ብቻ ነው የተወሰነው። አጥሩ የት ይቁም፣ ምን ያህል ይርዘም የሚለውን ቦታው ይወስነዋል። የድሮ ሜዳዎች ደግሞ ከተማ መሀል፣ በተገኘው ቁራሽ መሬት ላይ ነበር የሚሠሩት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሜዳ እንደ ሰው የራሱ መልክና የራሱ አመል ነበረው።

ሜዳው መቼ ተሠራ?

በዚያ ቦታ ላይ ቤዝቦል የተጀመረው በ1891 ነው። ያኔ «ባውንደሪ ፊልድ» ይሉት ነበር፣ የወሰን ሜዳ እንደማለት። የዛሬዋ ፍሎሪዳ አቬኑ ቀድሞ «ባውንደሪ ስትሪት» ነበረች፤ የመጀመሪያው የከተማው ፕላን እዚያ ነበር የሚያበቃው። መቀመጫው ሁሉ እንጨት ነበር።

እንጨት ደግሞ ይነዳል። መጋቢት 17፣ 1911 ሜዳው ተቃጠለ። ቧንቧ የሚሠሩ ሰዎች የተጠቀሙበት እሳት ነው ያስነሳው ይባላል። የዋሽንግተን ቡድን፣ ሴናተርስ፣ ያኔ ደቡብ ወርዶ ልምምድ ላይ ነበር። የውድድሩ መክፈቻ ደግሞ ሚያዝያ 12 ነው፤ አንድ ወር እንኳ አልሞላም።

ሠራተኛው ሌት ተቀን ተረባረበ። በመክፈቻው ቀን በብረትና በኮንክሪት የተሠራው አዲሱ መቀመጫ ገና አላለቀም ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ ገባ፣ ፕሬዚዳንቱ መጡ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ቀሪውን ሥራ እየተጫወቱ ጨረሱት። ያ ዘመን በመላው አሜሪካ የእንጨት ሜዳዎች በብረትና በኮንክሪት የሚተኩበት ነበር። ዋሽንግተንን ወደዚያ የገፋት እሳቱ ነው።

ግሪፊዝ ማን ነው?

ክላርክ ግሪፊዝ። ራሱ ጎበዝ ወርዋሪ የነበረ፣ በ1912 አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ዋሽንግተን የመጣ ሰው ነው። ሞንታና የነበረውን የከብት እርባታ መሬት አስይዞ ተበድሮ የቡድኑን አክሲዮን ገዛ፤ ቆይቶ ዋና ባለቤት ሆነ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሜዳው በስሙ ተጠራ።

«ሽማግሌው ቀበሮ» ይሉት ነበር። ገንዘብ ላይ ጠንቃቃ ነበር፤ ቆጥቋጣ የሚሉትም አልጠፉም። ሌሎቹ ባለቤቶች ከቤዝቦል ውጪ ሌላ ሀብት ነበራቸው። እሱ ግን የሚኖረው በቤዝቦል ነበር። ቡድኑ ሜዳ ላይ በሌለበት ቀን ሜዳውን ያከራያል። ይቺን ነገር ያዟት፤ ቆየት ብላ ትመጣለች።

የመሀሉ አጥር ለምን ጠማማ ነበር?

እኔ ስለዚህ ሜዳ ከማውቀው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። የድሮ ፎቶ ካገኛችሁ መሀል ሜዳውን እዩ። አጥሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና ድንገት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። አንድ ሰው ሜዳውን ጥግ ላይ የነከሰው ይመስላል።

ነገሩ ቀላል ነው። እዚያ አምስት ቤቶች ነበሩ። አንድ ትልቅ ዛፍም ነበር። ባለቤቶቻቸው አንሸጥም አሉ። ሜዳው ቤቶቹን ማለፍ አልቻለም፣ ዞራቸው። የዛፉ ቅርንጫፎች ከአጥሩ በላይ ወደ ሜዳው ያዩ ነበር። የአገር መሪዎችና ጄነራሎች የሚመጡበት ስታዲየም ግንብ፣ ለጎረቤት ጓሮ ብሎ ለሃምሳ ዓመት ጎብጦ ኖረ። በልማት ስም ቦታው የተነሳበት ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሜዳው ለመቺዎች ይመች ነበር?

በፍጹም። ለብዙ ዓመታት በግራ በኩል ያለው አጥር ከመቺው 123 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ይህ ከአንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። በቀኝ በኩል ወደ 98 ሜትር ይቀርባል፤ ነገር ግን እዚያ ዘጠኝ ሜትር የሚሆን ግንብ ተገትሯል። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት በሉት።

ምን ያህል ይከብድ እንደነበር በአንድ ቁጥር ላሳያችሁ። በ1945 የዋሽንግተን ቡድን በሜዳው በተጫወታቸው ጨዋታዎች ሁሉ፣ በጠቅላላው ውድድር፣ ያገኘው ሆም ራን አንድ ነው። አንድ ብቻ! ጆ ኩል የመታት እሷም ብትሆን ከአጥር አልወጣችም፤ ኳሷ ሜዳ ውስጥ እየተንከባለለች ሰውየው ሮጦ ዞረ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሁለተኛ ሆኖ መጨረሱ ደግሞ ይገርማል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ዋጋ ያለው ወርዋሪ ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ በአንድ ወቅት ከሁሉም የሚበልጠው ወርዋሪ ነበራት።

ፕሬዚዳንቶች በውድድሩ መክፈቻ ኳስ የሚወረውሩበት ልማድ እዚህ ነው የተጀመረው?

አዎ፣ እዚሁ ቦታ ላይ፣ ከእሳቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በእንጨቱ ሜዳ። ሚያዝያ 14፣ 1910 ፕሬዚዳንት ዊሊያም ታፍት ለመክፈቻው መጡ። ታፍት ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰው ነበሩ። ከመቀመጫቸው ሆነው ኳስ ወረወሩ፤ የያዛት ወርዋሪው ዋልተር ጆንሰን ነበር። ጆንሰን በዚያው ቀን ተጋጣሚውን ነጥብ ሳያስቆጥር አሸነፈ። በኋላ ኳሷን ላከላቸው፣ ፈርመው መለሱለት።

ከዚያ በኋላ ወደዚህ ሜዳ የመጡት ፕሬዚዳንቶች ልማዱን ወረሱ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1940 የወረወሩት ኳስ የአንድ ፎቶ አንሺ ካሜራ ላይ አረፈ። ሃሪ ትሩማን በ1950 አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጃቸው ወረወሩ። በዚህ ሜዳ የመጨረሻው ጆን ኬኔዲ ናቸው፣ 1961።

ዋሽንግተን ዋንጫ በልታ ታውቃለች?

በዚህ ሜዳ አንድ ጊዜ። ብዙውን ጊዜ ቡድኗ፣ ሴናተርስ፣ መሳቂያ ነበር። ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን የሚነገረውን ታዋቂ ውዳሴ አጣመው «ዋሽንግተን፦ በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ መጨረሻ» ይሉ ነበር።

1924 ግን ሌላ ነው። የአሜሪካን ሊግና የናሽናል ሊግ አሸናፊዎች ለዋንጫ የሚገናኙበት «ወርልድ ሲሪስ» ደረሰች፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር ሦስት ለሦስት ሆነው ሰባተኛው ጨዋታ ጥቅምት 10 ቀን በግሪፊዝ ስታዲየም ተደረገ። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተቀምጠዋል። ጃይንትስ 3 ለ 1 ይመራል። በስምንተኛው ዙር የዋሽንግተኑ አሠልጣኝና ተጫዋች ባኪ ሃሪስ የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ፍሬዲ ሊንድስትሮም ሄደች። ሊንድስትሮም ገና 18 ዓመቱ ነው። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ኳሷ ድንገት ነጥራ በራሱ ላይ አለፈች። ሁለት ሰው ገባ። 3 ለ 3።

ከዚያ ዋልተር ጆንሰን ገባ። 36 ዓመቱ ነው። ለዋሽንግተን ሲወረውር 18 ዓመት ሆኖታል፤ እዚህ መድረክ ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ነው። በዚሁ ውድድር ሁለት ጨዋታ ተሸንፏል። ሕዝቡ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእሱ ነበር የሚጸልየው። አራት ዙር ነጥብ ሳይሰጥ ያዛቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ዙር የሆነውን ብነግራችሁ ፈጠራ ይመስላችኋል። ማዲ ሩል ኳሷን ወደ ላይ ሰቀላት፤ በቀላሉ የምትያዝ ናት። የጃይንትስ ያዥ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘው፣ ሃንክ ጋውዲ የፊት መከላከያውን አውልቆ መሬት ጣለና ወደ ሰማይ እያየ ሮጠ። በገዛ መከላከያው ውስጥ እግሩ ተሰነቀረ። ሊያራግፈው ሲታገል ኳሷ ወደቀች። ሩል ዕድሉ ተመለሰለትና ጥሩ አድርጎ መታ፣ ሁለተኛው ማዕዘን ደረሰ። ከአንድ መቺ በኋላ ኧርል ማክኒሊ መሬት ለመሬት መታ። ኳሷ ወደ ማን ሄደች? ወደዚያው ልጅ። እንደገና ነጥራ በራሱ ላይ አለፈች። ጠጠር መታች ይላሉ። ሩል ሮጦ ገባ፣ 4 ለ 3፣ አለቀ።

ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ዋሽንግተን ቀጣዩን የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ያየችው በ2019 ነው፣ ከ95 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ቡድንና በሌላ ሜዳ።

ሰፈሩ የጥቁሮች ነበር። መግባት ይፈቀድላቸው ነበር?

ይገቡ ነበር። በዚህ በኩል ከሌላው ዋሽንግተን ይሻል ነበር ማለት ይቻላል፤ የነጮቹ ቲያትር ቤቶችና ምግብ ቤቶች አያስገቧቸውም ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ «ጥቁር እዚህ ይቀመጥ» የሚል ሕግ አልነበረም። ልማድ ነበር። ጥቁር ተመልካች የሚቀመጠው በቀኝ በኩል፣ ከሜዳው ዳር ባለው መደብ ላይ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጠይቅም። ያልተጻፈ ሕግ ከተጻፈው እንደሚጠና የሚያውቅ ያውቃል።

የሚያሳዝነው ግን የተመልካቹ ቦታ ብቻ አይደለም። ስታዲየሙ የቆመው በጥቁር አሜሪካ እምብርት ላይ ነው። በአንድ ጎኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው ሌድሮይት ፓርክ የሚባለው ሰፈር። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ፕሮፌሰሩ እዚያ ይኖራል። ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ግን በሙሉ ነጮች ነበሩ።

በዚያ ሰፈር ካደጉት አንዱ ሳም ሌሲ ነው። በልጅነቱ ስታዲየሙ ውስጥ ምግብ እየሸጠ ነው ጨዋታ ያየው። የጥቁሮቹንም ጨዋታ ስለሚያይ አንድ ነገር ገባው፤ ነጮቹ በችሎታ አይበልጡም። አድጎ ጋዜጠኛ ሆነ። በ1937 ክላርክ ግሪፊዝ ፊት ቀርቦ ጥቁር ተጫዋች ለምን አትቀጥርም ብሎ ሞገተው። ግሪፊዝ ጊዜው አይደለም አለ፤ ጥቁሮች ለብቻቸው የሚጫወቱበት የጥቁሮች ሊግም ይፈርሳል ሲል ተከራከረ። ሌሲ ግን መጻፉን አላቆመም። በኋላ ስሙ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ከተመዘገበ ጸሐፊዎች አንዱ ሆኗል።

ጆሽ ጊብሰን እዚህ ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኪራይዋን አስታወሳችኋት? ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል ከፒትስበርግ አካባቢ የመጣ የጥቁሮች ቡድን ነበር። ከ1940 ጀምሮ ብዙ ጨዋታውን ግሪፊዝ ስታዲየም ማድረግ ጀመረ። ግሪፊዝ የኪራይ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ ጥቁር ዋሽንግተን ደግሞ የራሱን ጀግኖች ያያል።

ጊብሰን ደግሞ ጀግና ብቻ አልነበረም፤ ተረት ነበር። ያዥ ነው፣ ግን እንደ እሱ የሚመታ አልነበረም። ያ ለነጮቹ የማይደፈረው የግራ አጥር ለእሱ አጥር አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካን ሊግ ቡድኖች ሁሉ ተደምረው እዚያ ካሳረፉት በላይ ብቻውን አሳርፏል እየተባለ ይወራል። የወሬውን ልክ ማን ቆጠረው? የማያከራክረው ይህ ነው፦ ከባክ ሌናርድ ጋር ሆነው ግሬይስን በ1943ና በ1944 የጥቁሮች ሊግ ሻምፒዮን አድርገዋል። ሳቸል ፔጅን የመሰለ ወርዋሪ ሲመጣ ከ20,000 በላይ ሰው ይገባ ነበር። ሴናተርስ ያን ያህል ሰው የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ጊብሰን ጥር 20፣ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰልፎ የዋናውን ሊግ በር ለጥቁር ተጫዋቾች የከፈተው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 15 ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በ2024 የጥቁሮች ሊግ ቁጥሮች ከዋናው ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀሉ፣ በመምታት አማካይ (መቺው ከሞከረው ስንቱ እንደተሳካለት በሚለካው ቁጥር) ከሁሉም በላይ የተቀመጠው የጊብሰን ስም ሆነ፣ 0.372።

ሴናተርስ ጥቁር ተጫዋች መቼ አሰለፈ?

በ1954፣ ካርሎስ ፓውላ። ኩባዊ ነው። ከሮቢንሰን ሰባት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ግሪፊዝ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ኩባዎችን በርካሽ ያስመጣ ነበር፤ መልካቸው ቀላ ያለ እስከሆነ ድረስ። ጠየም ያለው ግን አይታሰብም። ለዚህ የሚሆን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ኦቾሎኒ ሸጧል?

ሸጧል፣ ግን ልጅ ሆኖ፣ ገና ስሙ ግሪፊዝ ሳይባል። ኤሊንግተን በ1899 ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ሥራው በቤዝቦል ሜዳው ኦቾሎኒ ማዞር ነበር። ሰው ፊት መጮህ መጀመሪያ አስፈርቶት ነበር ይባላል።

ያ ኦቾሎኒ ሻጭ በ1973 አዲስ አበባ ገባ። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሠራ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሰጡት። ይህን ያነሳሁት እግረ መንገዴን ነው፤ ግን ለእኛ ሰው ስታዲየሙን የምታስታውሰው ይቺ ወሬ ትመስለኛለች።

የማንትል ኳስ 172 ሜትር ሄደች የሚሉት እውነት ነው?

ሚያዝያ 17፣ 1953። የኒው ዮርክ ያንኪስ ሚኪ ማንትል ከቻክ ስቶብስ የተወረወረለትን መታ። ኳሷ የግራውን መደብ ሁሉ አልፋ፣ ከኋላው ባለው ሰሌዳ ላይ የነበረውን የቢራ ማስታወቂያ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ ከስታዲየሙ ወጥታ ኦክዴል ፕሌስ በምትባል አጭር መንገድ ከቤቶቹ ጓሮ ወደቀች። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ ቁጥሩ ላይ ነው። የያንኪስ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሬድ ፓተርሰን ወጥቶ፣ ኳሷን ያገኘውን ልጅ አግኝቶ፣ ተመልሶ 565 ጫማ ነው አለ፤ 172 ሜትር። ጋዜጦቹ በሜትር የተለካ አስመስለው ጻፉት። በኋላ ሰውየው ሜትር እንዳልያዘና በእርምጃ እንደቆጠረ አመነ። ያውም የተቆጠረው ኳሷ ከተገኘችበት እንጂ መጀመሪያ ካረፈችበት አይደለም። እኔ ብጠየቅ፣ ሰሌዳው ራሱ ከመቺው 140 ሜትር ይርቃል፣ ኳሷም ስትነካው ገና ከፍ ብላ ነበር። ያ ብቻውን ይበቃኛል።

ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ቀን ምን ሆነ?

ታኅሣሥ 7፣ 1941፣ እሑድ። ስታዲየሙ ውስጥ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ አለ፤ የዋሽንግተን ቡድን ከፊላደልፊያ ኢግልስ። 27,000 ያህል ሰው ገብቷል። ጨዋታው መሀል የድምፅ ማጉያው ሰው መጥራት ጀመረ። ጄነራል እገሌ ወደ ቢሮዎ ይምጡ። አድሚራል እገሌ ይፈለጋሉ። ከዚያ አምባሳደር፣ ከዚያ የጋዜጣ ሰው። አንዱ ሲነሳ፣ ሌላው ሲነሳ፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ማየት ያዘ። ለምን እንደሚጠሩ ግን አልተነገረም፤ አስተዳደሩ ዜናውን በማጉያ አላወጀም። ያኔ በኪስ የሚያዝ ስልክ የለ! አብዛኛው ሰው ጦርነት መጀመሩን ያወቀው ከበር ሲወጣ፣ ጋዜጣ ሻጮቹ ሲጮሁ ነው። ዋሽንግተን 20 ለ 14 አሸነፈ።

ከስፖርት ሌላስ?

ብዙ ነገር። የሀዋርድና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግጥሚያ፣ ቦክስ፣ ስብሰባ። የሚገርመው ግን ጥምቀቱ ነው። ሽማግሌ ላይትፉት ሰለሞን ሚሾ የሚባል፣ በሬዲዮ የታወቀ ጥቁር ሰባኪ ነበር። ሜዳው ላይ የውኃ ገንዳ አስቀምጦ፣ መቀመጫው ሞልቶ፣ ምእመኑን በጅምላ ያጠምቅ ነበር። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ ይገረማል። ጃንሜዳን የሚያውቅ ሰው ግን ሜዳ ለሩጫም ለጥምቀትም እንደሚሆን ማን ያስረዳዋል?

ታዲያ ለምን ፈረሰ?

ጠባብ ነበር፤ 30,000 ሰው እንኳ በምቾት አይይዝም። መኪና ማቆሚያ የለውም። ክላርክ ግሪፊዝ በ1955 ሞተና ያሳደገው የወንድም ልጅ ተብሎ የሚታወቀው ካልቪን ወረሰው፤ በእርግጥ የሚስቱ የወንድም ልጅ ነው። ካልቪን ከ1960 ውድድር በኋላ ቡድኑን ይዞ ሚኔሶታ ሄደ። የዛሬዎቹ ሚኔሶታ ትዊንስ እነሱ ናቸው። ለምን ሄድክ ሲባል ገበያ ነው፣ ሜዳ ነው ይል ነበር። በ1978 ግን እዚያው ሚኔሶታ በአንድ ስብሰባ ላይ ንግግር ሲያደርግ፣ እዚህ ያሉት ጥቁሮች 15,000 ብቻ መሆናቸውን ሳውቅ ነው የመጣሁት አለ። አዳራሹ ውስጥ ጋዜጠኛ እንዳለ አላወቀም። በማግስቱ ሳይሆን ቀን ቆይቶ ወጣ፣ አገር ተናወጠ።

ዋሽንግተን ሴናተርስ የሚል ስም የያዘ አዲስ ቡድን ተሰጣት። እሱም እዚህ የቆየው አንድ ዓመት ነው። የመጨረሻው ጨዋታ መስከረም 21፣ 1961 ተደረገ። ተጋጣሚው ማን ይመስላችኋል? ትተው የሄዱት፣ ሚኔሶታ ትዊንስ። 6 ለ 3 አሸንፈው ሄዱ። የገባው ተመልካች 1,498 ነበር።

በ1965 አፈረሱት። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቦታውን ወስዶ ሆስፒታሉን ሠራ፤ በ1975 ተከፈተ። ሆስፒታሉ ከባርነት ነፃ የወጡትን ለማከም በ1862 የተመሠረተው የፍሪድመንስ ሆስፒታል ተተኪ ነው።

ዛሬ ሄጄ የማየው ነገር አለ?

ግንቡም መብራቱም የለም። ከመቀመጫዎቹ አንድ ሺህ ያህሉ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ወደነበረ ሜዳ ተወስደው ነበር። ኦክዴል ፕሌስ ግን አለች፤ ከሆስፒታሉ ኋላ ዞር ብላችሁ የማንትል ኳስ ያረፈችበትን ሰፈር ማየት ትችላላችሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ ሆም ፕሌቱ የነበረበት ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። ጋውዲ መከላከያው ውስጥ የተሰነቀረው፣ ጊብሰን ዱላውን ይዞ የቆመው እዚያ ጋ ነው። ዘመድ ልትጠይቁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ በሽተኛውን ጠይቁ፣ ስትወጡ ደግሞ ቦታው የት እንደሆነ እዚያ የሚሠራ ሰው ይጠቁማችሁ።